ስስ የብረት ሽፋንና በገጽ ላይ የሚሮጥ ብልጭታ፦ ብርሃን እንዴት ይለካቸዋል?

አንድ ያረጀ የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ የሚያጠራቅም ዕቃ) ተፈትቶ፣ በውስጡ የተጠቀለለው ስስ ፕላስቲክ ተዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያዝ፣ መጀመሪያ የሚታየው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ግራጫ ሽፋን ነው። ዓይን ጥቂት ሲቆይበት ግን እዚህም እዚያም የተበተኑ፣ ብርሃን ያለ ከልካይ የሚያልፍባቸው ክብ ክብ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ ከፊሎቹ የመርፌ ጫፍ ያህል ሲሆኑ ከፊሎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ነጥቦች ፕላስቲኩ በአንድ ደካማ ቦታ ተበስቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያለፈባቸውና በዙሪያው የነበረው ብረት ተንኖ የጠፋባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን በገዛ ዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ካፓሲተር ከኃይል ምንጭ ከተለየ በኋላም የኤሌክትሪክ ሙሉን ይዞ ሊቆይ፣ ትልቅ ካፓሲተር ከሆነም ሰውን ሊገድል እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ሙሉ በአግባቡ ሳይራገፍ ካፓሲተርን መፍታት ፈጽሞ አይገባም።

በዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ሁለት ለመለካት የሚያስቸግሩ ነገሮች ተገናኝተዋል። አንደኛው ስሱ የብረት ሽፋን ሲሆን ሁለተኛው በላዩ የሮጠው ብልጭታ ነው። እዚህ ላይ «ብረት» ስንል ወርቅን፣ ብርን፣ አሉሚኒየምን፣ ዚንክንና መሰል ሜታሎችን በሙሉ ማለታችን ነው። በካፓሲተር ፊልም ላይ የሚለበጠው አሉሚኒየም ወይም ዚንክ ውፍረቱ በተለምዶ ከ20 እስከ 50 ናኖ ሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ከ50,000 ናኖ ሜትር በላይ ስለሚወፍር፣ እንዲህ ያለ ሽፋን አንዲት ፀጉር የሚያክለው ቢያንስ ሺህ ጊዜ ቢደራረብ ነው። ብልጭታው በበኩሉ፣ ተራ አየር ባለበት፣ የኢንሱሌተርን (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስን) ገጽ ተከትሎ ሲሮጥ በሴኮንድ ከ100 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይገሰግሳል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለማቋረጥ ከ1 እስከ 10 ናኖ ሴኮንድ ይበቃዋል ማለት ነው። ሽፋኑን በመለኪያ ጫፍ ብንነካው ይቧጠጣል፤ ወደ ብልጭታው የብረት መመርመሪያ ብናስጠጋ ደግሞ መመርመሪያው ራሱ የኤሌክትሪክ መስኩን ስለሚያዛባ ብልጭታው መንገዱን ይቀይራል። ሳይነካ የሚመረምር ብርሃን የተመረጠው ለዚህ ነው።

ይሁንና የብርሃን መሣሪያ ውፍረትንም ሆነ የኤሌክትሪክ ሙልን በቀጥታ እንደማያነብ ከመነሻው መታወቅ አለበት። መሣሪያው የሚያነበው ምን ያህል ብርሃን እንደደረሰው፣ ብርሃኑ የምን ቀለም እንደሆነ፣ በየትኛው ቅጽበት እንደመጣና ሞገዱ ከሌላው ሞገድ በምን ያህል እንደዘገየ ብቻ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ናኖ ሜትር ወይም ወደ ቮልት የሚያደርሰው ድልድይ ስለ ቁሱ አስቀድመን የያዝነው ግምት ነው። ግምቱ የተሳሳተ ከሆነ እጅግ ውድ የሆነው መሣሪያም ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ ያለው፣ ግን የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። የዚህ የልኬት ዘርፍ ትልቁ ችግርም፣ በእኔ እምነት፣ የመሣሪያ ጥራት ማነስ ሳይሆን ይህን ግምት መርሳት ነው።

ብርሃን በብረት ውስጥ ምን ያህል ይዘልቃል?

በብረት ውስጥ እንደልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ከሞገዱ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፤ በዚህም አብዛኛውን ብርሃን መልሰው ያንጸባርቁታል። ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ብርሃን በእያንዳንዱ ናኖ ሜትር ጉዞው እየደከመ ይሄዳል። የሞገድ ርዝመቱ 633 ናኖ ሜትር የሆነው የሂሊየም ኒዮን ሌዘር ቀይ ብርሃን በወርቅ ውስጥ 15 ናኖ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ በአሉሚኒየም ውስጥ ግን ለዚህ 7 ናኖ ሜትር ገደማ ይበቃል። 100 ናኖ ሜትር ያህል አሉሚኒየም የተለበጠ የቴሌስኮፕ መስታወት ብርሃን ከሞላ ጎደል የማያሳልፈው፣ የካፓሲተሩ ፊልም ግን በብርሃን ፊት ሲያዝ ጭላንጭል የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀላል ሐቅ ተነስቶ በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራበት ልኬት ኦፕቲካል ዴንሲቲ ይባላል። ፊልሙ በቫኩም ክፍል ውስጥ ብረቱ እየተለበጠበት ሲያልፍ በአንድ ወገን መብራት፣ በሌላው ወገን ብርሃን ተቀባይ ይቀመጣል። ካረፈው ብርሃን አንድ አስረኛው ካለፈ ንባቡ 1፣ አንድ መቶኛው ካለፈ 2፣ አንድ ሺህኛው ካለፈ 3 ይሆናል። በአሉሚኒየም ላይ፣ በቀይ ብርሃን፣ 15 ናኖ ሜትር ገደማ በተጨመረ ቁጥር ንባቡ በ1 ያህል ከፍ ስለሚል፣ ከንባቡ ወደ ውፍረት መሸጋገር ቀላል ይመስላል። ልኬቱ ፈጣን ነው፤ ፊልሙን አይነካም፤ ለምርት ቁጥጥርም በጣም ይጠቅማል። ችግሩ ንባቡ ሽፋኑ የተያያዘና እንደ ጥቅጥቅ ብረት ያለ ባሕርይ ያለው መሆኑን በዝምታ መገመቱ ነው።

ይህ ግምት ሊፈርስ እንደሚችል ማይክል ፋራዳይ በ1857 ባቀረበው ሥራ በግልጽ አሳይቷል። ፋራዳይ ከ100 ናኖ ሜትር በታች የሆነ የወርቅ ቅጠል በብርጭቆ ላይ ዘርግቶ በብርሃን ፊት ሲመለከተው ወርቁ ሲያንጸባርቅ ቢጫ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ግን አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ብርጭቆውን ሲያሞቀው፣ ወርቁ ከመቅለጫው ሙቀት ብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ እያለ፣ አረንጓዴው ቀለም ጠፋና ቅጠሉ ብርሃን አሳላፊ ሆነ። የተለወጠውን ቦታ በጠንካራና በለሰለሰ ድንጋይ ሲጫነው አረንጓዴው ተመለሰ። የወርቁ መጠን በዚህ ሁሉ አልተለወጠም፤ አንዲት አቶም አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችምም። የተለወጠው አደራደሩ ነው፤ ሲሞቅ የተዘረጋው ወርቅ እየተሰበሰበ ወደ ጥቃቅን ጉብታዎች ይለወጣል፣ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ዘመን ኦፕቲካል ዴንሲቲ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ «ወርቁ ሳስቷል» ብሎ ይፈርድ ነበር፤ ፍርዱም ስህተት ይሆን ነበር።

ተመሳሳይ ነገር ሽፋኑ ገና በሚሠራበት ጊዜም ያጋጥማል። ወርቅ ወይም ብር በቫኩም ውስጥ ተንኖ በብርጭቆ ላይ ሲያርፍ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ እንደ ምንጣፍ አይዘረጋም፤ መጀመሪያ ተለያይተው የቆሙ ደሴቶች ይፈጠራሉ፣ ደሴቶቹ ያድጋሉ፣ ይነካካሉ፣ በመጨረሻም ተያይዘው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ደሴቶቹ ገና ሳይያያዙ ብርሃንን በብርቱ ይመጥጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል አያስተላልፉም። ስለዚህ የብርሃኑን ንባብ ከሽፋኑ የኤሌክትሪክ መቋቋም ጋር ጎን ለጎን መያዝ ትልቅ ዋጋ አለው። ለምሳሌ 20 ናኖ ሜትር የሆነ አሉሚኒየም እንደ ጥቅጥቅ ብረት ቢቆጠር ከአንድ የካሬ ጎን እስከ ትይዩው ጎን ያለው መቋቋም 1.3 ኦም ገደማ ነው። የብርሃኑ ንባብ 20 ናኖ ሜትር እያለ የመቋቋሙ ንባብ ከዚህ እጅግ ከበለጠ፣ ሽፋኑ የተቆራረጠ፣ ኦክሳይድ የበዛበት ወይም ኤሌክትሮኖቹ ከገጾቹ ጋር እየተጋጩ የሚበተኑበት ነው ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲጣሉ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም፤ ስለ ሽፋኑ ብዙ የሚነግረን አለመስማማታቸው ነው።

ግምትን በብዙ የሚቀንስ ዘዴ የፊዚክስ ሊቁ ሳሙኤል ቶላንስኪ ያዳበረው የብዙ ነጸብራቆች ኢንተርፌሮሜትሪ ነው። የዘዴው ብልሃት የብረቱን ባሕርይ ከስሌቱ ማስወጣት ነው። ከሽፋኑ ጥቂቱ ተነስቶ ወይም ሲለበጥ ጥቂት ቦታ ተሸፍኖ እንደ ደረጃ ያለ እርከን ይበጃል፤ ከዚያ እርከኑም ሜዳውም በአንድ ዓይነት የብር ንብርብር ይለበጣሉ። አሁን ብርሃን የሚያየው አንድ ብረት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከፍታ ብቻ ሆነ። በላዩ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ፣ በብር የተለበጠ ሌላ ብርጭቆ በጥቂቱ አዘንብሎ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ የሚንጸባረቀው ብርሃን በአንዳንድ ቦታ ይደጋገፋል፣ በሌላው ቦታ ይጠፋፋል፤ በዚህም እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር ከሚቀጥለው የሚለየው በግማሽ የሞገድ ርዝመት ከፍታ ነው። መስመሩ እርከኑ ጋ ሲደርስ ተሰብሮ ወደ ጎን ይዘላል፤ የዝላዩ መጠን የእርከኑን ከፍታ ይነግረናል። በሶዲየም መብራት፣ በ589 ናኖ ሜትር፣ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 294.5 ናኖ ሜትር ከፍታን ይወክላል፤ መስመሩ የዚህን ርቀት አንድ አስረኛ ከዘለለ ሽፋኑ 29 ናኖ ሜትር ተኩል ያህል ይወፍራል። በማይክሮስኮፕ ውስጥ መስመሩ ቀጥ ብሎ መጥቶ እርከኑ ላይ ድንገት ሲታጠፍ ማየት፣ የማይታይ ውፍረት ወደሚታይ ርቀት ተለውጦ ዓይን ፊት ሲቆም ማየት ነው። የዘዴው ዋጋ ሽፋኑን መጉዳቱ ነው፤ በብር የተለበጠ ናሙና ወደ ሥራ አይመለስም።

ናሙናውን ሳይጎዳ ከናኖ ሜትር በታች ያለውን ልዩነት የሚለየው ኤሊፕሶሜትሪ ነው፤ መሠረቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖል ድሩደ ጣለው። በዚህ ዘዴ የሞገዱ ውዝዋዜ በታወቀ አቅጣጫ የተያዘ፣ ፖላራይዝድ የሚባል ብርሃን ወደ ሽፋኑ በሰያፍ ይላካል፤ ሲንጸባረቅ የውዝዋዜው ቅርጽ ይለወጣል፣ መሣሪያውም ለውጡን በሁለት ቁጥሮች ይገልጸዋል። ይሁን እንጂ ስለ ስስ ብረት የማናውቃቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ውፍረቱ፣ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠንና ብርሃንን የሚመጥጥበት መጠን። ሁለት ቁጥር ይዞ ሦስት ያልታወቁ መፈለግ እንደማይቻል ማንም የሒሳብ ተማሪ ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ማዕዘንና በአንድ ቀለም ብቻ በተለካ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የብረት ሽፋን ውፍረት ከተነገረን፣ ሌላው መረጃ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ መብት አለን። መልሱ ብዙ ጊዜ የጥቅጥቅ ብረት ባሕርይ ከሠንጠረዥ ተወስዶ ይሆናል፤ የፋራዳይ ወርቅ ደግሞ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ እንደማይታመን አስተምሮናል። መፍትሔው ብዙ ማዕዘኖችን መጠቀም ወይም የሚንጸባረቀውን ልኬት በሽፋኑ ውስጥ ከሚያልፈው ብርሃን ልኬት ጋር ማጣመር ነው። ኤርቪን ክሬችማንና አንድሪያስ ኦቶ በ1968 ያሳዩት የገጽ ፕላዝሞን (በብረት ገጽ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሮኖች ሞገድ) ዘዴም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በፕሪዝም ላይ 50 ናኖ ሜትር ገደማ ወርቅ ወይም ብር ሲለበጥ፣ በአንድ የተወሰነ ማዕዘን የሚንጸባረቀው ብርሃን ድንገት ሊጠፋ ይቃረባል፤ ማዕዘኑም ብረቱን የሚነካው ነገር በጥቂቱ ሲለወጥ እንኳ ይለወጣል።

ብልጭታው ሲሮጥ

ብልጭታን በዓይን የማንበብ ታሪክ የሚጀምረው በዱቄት ነው። በ1777 በጀርመን፣ በጎቲንገን፣ የፊዚክስ ሊቁ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ የኤሌክትሪክ ሙል በያዘ የሙጫ ሰሌዳ ላይ ትቢያ ሲያርፍ የከዋክብት ቅርጽ እንደሚሠራ አስተዋለ። በኋላም የድኝና ቀይ የእርሳስ ኦክሳይድ ዱቄት ቀላቅሎ መንፋት ልማድ ሆነ፤ ዱቄቶቹ ሲፋተጉ ተቃራኒ ሙል ስለሚይዙ ቢጫው ድኝ ወደ ፖዘቲቩ ቦታ፣ ቀዩ ወደ ኔጋቲቩ ቦታ ይሳባል። የፎቶ ኮፒ ማሽን ደረቅ ቀለም በሙል እየተሳበ ጽሑፍ የሚሠራውም በዚሁ መርህ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ፖዘቲቭ ብልጭታ የተወው ምስል እንደ ዛፍ ሥር የተቀጣጠለና ርቆ የሄደ ሲሆን፣ ኔጋቲቩ ግን አጠር ብሎ ወደ ክብነት ያደላል። ምክንያቱ ኤሌክትሮኖች የሚሮጡበት አቅጣጫ ነው። ወደ ውጭ በሚያድግ ፖዘቲቭ ብልጭታ ፊት፣ ከራሱ ከብልጭታው የሚወጣው አልትራቫዮሌት ብርሃን አዳዲስ ኤሌክትሮኖችን ያስለቅቃል፤ እነዚህም ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ እየተሳቡ ይሰበሰባሉ። የኤሌክትሪክ መስኩ በጫፉ ላይ እንደተከማቸ ስለሚቆይ ቅርንጫፉ ቀጥኖ ይረዝማል። በኔጋቲቩ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከጫፉ ወደ ውጭ ስለሚበተኑ ግንባሩ ይሰፋል፣ መስኩ ይላላል፣ ጉዞውም ቶሎ ያልቃል። ዱቄቱ የሚያሳየን ግን የመጨረሻውን አሻራ ብቻ ነው፤ በመካከል የሆነውን አይነግረንም።

በመካከል የሆነውን ለማየት የብርሃን ማጉያ ያለው፣ መጋረጃውን ለጥቂት ናኖ ሴኮንድ ብቻ የሚከፍት ካሜራ ያስፈልጋል። በአየር ውስጥ የሚታየው ብርሃን አብዛኛው ከናይትሮጅን የሚወጣ ሲሆን ሁለት የሞገድ ርዝመቶች በተለይ ይጠቅማሉ፤ አንደኛው 337.1፣ ሁለተኛው 391.4 ናኖ ሜትር ነው። ሁለተኛው እንዲበራ ኤሌክትሮኑ የናይትሮጅን ሞለኪውሉን ኤሌክትሮን ነጥቆ፣ በላዩም የቀረውን ክፍል ማነቃቃት አለበት፤ ለዚህ ወደ 19 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶሞች ዓለም የኃይል መለኪያ) ይጠይቃል፣ ለመጀመሪያው ግን 11 ይበቃል። ያን ያህል ኃይል ያለው ኤሌክትሮን የሚገኘው መስኩ ብርቱ በሆነበት ቦታ ስለሆነ፣ የሁለቱ ብርሃኖች ንጽጽር የኤሌክትሪክ መስኩን ጥንካሬ ይናገራል። ምንም ሽቦ ሳይገባበት፣ ከርቀት፣ በቀለም ብቻ መስክን መለካት ተቻለ ማለት ነው። እዚህም ግን ግምቱ አለ፤ የነቁት ሞለኪውሎች ብርሃን ከማውጣታቸው በፊት ከሌሎች ጋር ተጋጭተው ኃይላቸውን ያጣሉና፣ የዚህ ብክነት መጠን በትክክል ካልታሰበ መስኩም በትክክል አይገኝም።

ብልጭታው ካለፈ በኋላ በገጹ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ሙል ብርሃን አያወጣም። እሱን ለማየት በ1893 ፍሪድሪክ ፖክልስ ያጠናው ክስተት ይረዳል፤ አንዳንድ ክሪስታሎች ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው በውስጣቸው የሚያልፈውን ፖላራይዝድ ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር በሚመጣጠን መጠን ይለውጣሉ። ከቢስሙት፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ስስ ክሪስታል ኢንሱሌተሩን ተክቶ ሲቀመጥ ብልጭታው በላዩ ይሮጣል፣ ሙሉን ይተዋል፣ ካሜራውም ከእያንዳንዱ ነጥብ የመጣውን የብርሃን ለውጥ ይመዘግባል። የሙሉ መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር በናኖ ኩሎምብ (ኩሎምብ የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ ነው) የሚቆጠር ትንሽ ስለሆነ የብርሃኑ ለውጥ ጥቂት በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ ስለዚህ ብዙ ምስሎች ተደምረው አማካያቸው ይወሰዳል።

ሁለቱ ሲገናኙ

በኢንሱሌተር ላይ ያለ የብረት ሽፋን ጠርዝ ለብልጭታ የተመቸ መነሻ ነው። በዚያ መስመር ላይ ብረት፣ ኢንሱሌተርና አየር በአንድነት ይገናኛሉ፤ የ30 ናኖ ሜትር ጠርዝ እጅግ የሰላ በመሆኑም መስኩ ይከማችበታል። ብልጭታው ሲነሳ በጋዙ ውስጥ ብቻ ሮጦ አለፈ ወይስ ብረቱን በላው የሚለውን ብርሃኑ ይለያል። የናይትሮጅን ብርሃን ብቻ ከታየ ሽፋኑ ብዙ አልተነካም፤ በ394.4 እና በ396.2 ናኖ ሜትር ላይ የአሉሚኒየም አቶሞች ጥንድ መስመር ከተጨመረ ግን ብረቱ እየተነነ ነው።

ለማትነን የሚጠይቀው ኃይል ደግሞ የካፓሲተሩን አሠራር ያስረዳል። አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ 30 ናኖ ሜትር የሚወፍር አሉሚኒየም ክብደቱ 81 ናኖ ግራም ገደማ ነው፤ ይህን ከተራ ሙቀት አንስቶ እስከ ትነት ለማድረስ 1 ሚሊ ጁል ያህል ይበቃል። ስለዚህ ፕላስቲኩ በአንድ ነጥብ ሲበሳ የሚነሳው ብልጭታ በዙሪያው ያለውን ብረት በቅጽበት ያተነዋል፤ ቀዳዳው ከብረቱ ይለያል፣ ካፓሲተሩም ሥራውን ይቀጥላል። ሽፋኑ 200 ጊዜ ቢወፍር የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው መጠን ስለሚጨምር፣ ብረቱ ሳይጠፋ ፕላስቲኩ ይቃጠል ነበር። በምርት ጊዜ የውፍረት ልኬት ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረግበት ለዚህ ነው፤ በጣም የሳሳ ሽፋን ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ የወፈረውም ራሱን አይፈውስም።

አሁን በብርሃን ፊት ወደተያዘው ፊልም እንመለስ። ብርሃን የሚያልፍባቸው ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የብልጭታ ሥራ ናቸው ብለን ነበር፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እርጥበት የገባበት አሉሚኒየም በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሥር ቀስ በቀስ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድም ብርሃን አሳላፊ ነው። ለኦፕቲካል ዴንሲቲ መሣሪያ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም «ብረት የለም» ብሎ ያነባቸዋል። የመፍትሔው መንገድ ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ካፓሲተሩ ራሱን እንደፈወሰ፣ ሌላው እርጥበት እየበላው እንደሆነ ይመሰክራል። ፊልሙ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ከተለጠፈ፣ በብር ከተለበጠና በቶላንስኪ መስመሮች ሥር ከታየ ልዩነቱ ይገለጣል። ብልጭታ ባተነነው ቦታ መስመሩ 30 ናኖ ሜትር ወደሚያህል ዝቅታ ይዘላል። ኦክሳይድ በሆነው ቦታ ግን 30 ናኖ ሜትር አሉሚኒየም 38 ናኖ ሜትር ገደማ ኦክሳይድ ስለሚሆን፣ መስመሩ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ 8 ናኖ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይታጠፋል።